በላባ የቀባሁት ቁጥር አሥራ አንድ

ወሬውን የሰማሁት ቁጥር ዘጠኝ ሽጉጥን ፈትቼ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ሳለሁ ነው። ዝናቡ የምሠራበትን ኮንቴይነር ጣሪያ ይደበድበው ስለነበር ሻለቃ ወርቅነህ በሩ ላይ ቆመው የተናገሩትን መጀመሪያ አልሰማሁም። ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡና ደገሙልኝ።

«እትዬ ዘውዴ፣ አሮጌዎቹ ሽጉጦች ሊቆረጡ ነው።»

«የትኞቹ?»

«ሁሉም ናቸዋ፤ አሥራ አራቱም። አዲሶቹ ገብተዋል። ደቡብ ሱዳን ነፃ ሲወጣ ደግሞ የእነዚህ ወረቀት አይታደስም ተብሏል። ከብየዳ ቤቱ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ሐሙስ በኦክስጅን ይቆርጡልናል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺም እኮ ደክመሻል። በቃሽ፣ ዕረፊ። ለመሸኛሽ አስበናል» አሉኝ።

ስለ መሸኛው አልጠየቅኩም። «ቁጥር አሥራ አንድም?» አልኳቸው።

አቀርቅረው የረጠበ ጫማቸውን አዩ። «እሱ ምን የተለየ ነገር አለው? ብረት ነው» አሉና ወጡ።

ሻለቃ ወርቅነህ ጁባ ውስጥ አምስት ዓመት ያገለገልኩበት የጥበቃ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናቸው። የዕቃ መጋዘኖችንና የሆቴል በሮችን እናስጠብቃለን፤ የዘበኞቹን ሽጉጥ የምፈትሸው፣ የምጠርገውና የምጠግነው እኔ ነበርኩ። ቁጥር አሥራ አንድ ለምን ከሌሎቹ እንደሚለይ እሳቸውም ያውቁታል፤ ያላወቁትን ደግሞ እኔ ዘግይቼ ነገርኳቸው። እሱን ለመናገር ግን ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ፤ ያጠፋሁት ጥፋት ከተማርኩት ትምህርት ውስጥ የወጣ ነውና።

ወደ ሽጉጥ ሥራ የገባሁት በመርፌና ክር ነው ብል የሚያምነኝ የለም። በልጅነቴ አዲስ አበባ በአንድ የመሣሪያ ጥገና ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። በምሳ ሰዓት የሠራተኞቹን ቱታ እሰፋለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። አንድ ቀን የክፍሉ አዛውንት፣ ጋሽ ተሰማ፣ አጠገቤ ቆመው እጄን ሲመለከቱ ቆዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ክሩን አትጎትቺውም።»

«አጠፋሁ እንዴ ጋሼ?»

«የለም። ሌላው ይጎትታል፤ አንቺ ታስከትይዋለሽ። ነገ መጥረጊያውን ለሌላ ስጪና እኔ ጠረጴዛ ዘንድ ነይ።»

ሠራተኛው ሳቀ። «ጋሽ ተሰማ ሽጉጡን ሊያሰፉት ነው!» ብለው ብዙ ቀን ቀለዱብን። እሳቸው ግን መልስ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም።

ጋሽ ተሰማ ሽጉጥ ሲቀበሉ ሰላምታ እንኳ አይሰጡም። ያመጣው ጄኔራል ይሁን ዘበኛ፣ መጀመሪያ ከበሮውን ይከፍታሉ። ከበሮ የሚሉት ስድስት ጥይት የሚጎርሰውን፣ ምላጭ በተሳበ ቁጥር እየዞረ ጉድጓዶቹን በየተራ ወደ ቱቦው የሚያቀርበውን ክብ ብረት ነው፤ እኔም እንደሳቸው ከበሮ እለዋለሁ። ስድስቱን ጉድጓድ በዐይናቸው ያያሉ። ዐይናቸውን ስለማያምኑ ደግሞ በትንሿ ጣታቸው አንድ በአንድ ይዳስሳሉ። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብለው «እንደምን አደሩ» የሚሉት። ጄኔራሎቹ ለመዱት።

ቀጥሎ ጆሯቸው ላይ ያደርጉታል። መዶሻውን በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ሲስቡት ሽጉጡ ይናገራል። ሞላው ይተነፍሳል፤ ከበሮው ይዞራል፤ መጨረሻ ላይ ጉድጓዱ ከቱቦው ጋር ሲገጥምና ሲቆለፍ «ቀጭ» ይላል። ያቺ ቀጭ መዶሻው ኋላ ሄዶ ከመቆሙ በፊት መሰማት አለባት። ከዘገየች በሽታ አለ። ጋሽ ተሰማ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ያስጥሉኝና ሽጉጦቹን ተራ በተራ ጆሮዬ አጠገብ ይስቧቸዋል።

«ይኼ ምን ነክቶታል?»

«ዘገየ።»

«ስንት?»

«የፀጉር ያህል።»

«የማን ፀጉር? የኔ ነው ያንቺ?» ይላሉ፤ እሳቸው ራሰ በራ ነበሩ። ቀልዳቸው ይህችው ብቻ ናት፤ ሠላሳ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

የሚቀቡት በዶሮ ላባ ነው። ብሩሽ ፀጉሩን ይጥላል፣ ጨርቅ ክሩን ይተዋል፤ ላባ ግን ማንም ጣት የማይገባበት ገብቶ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል ይላሉ። ላባውን በስፌት መኪና ዘይት ነክረው በመዶሻው ሥር፣ በሞላው ጎን፣ በከበሮው እንብርት ይሰዱታል። «አትሰስቺ» ይሉኛል። «ክረምቱ ሦስት ወር ነው፤ ዝገቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ዘይት ያልጠጣ ብረት በነሐሴ አልቅሶ በመስከረም ይሞታል።» እውነታቸውን ነው። በአዲስ አበባ ጭጋግ ውስጥ እኛ የቀባነው ሽጉጥ ለዓመታት ዝገት አይነካውም ነበር።

ሁለት ትእዛዝ ነበራቸው፤ ወረቀት ላይ አልጻፏቸውም፤ እጄ ላይ ነው የጻፏቸው። የቆሸሸ መሣሪያ ጠረጴዛሽ ላይ አይደር፤ ወዲያው አጽጂው። የከሸፈ ጥይት ቤትሽ አይደር፤ ወዲያው ማንም የማይደርስበት ጉድጓድ ጣይው። ምክንያት ነበራቸው። አንድ ባልደረባቸው ከሽፏል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ባስቀመጠው ጥይት ሁለት ጣቱን አጥቷል። እኔም ሁለቱን ትእዛዞች ሳላጓድል ኖርኩ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ።

መንግሥት ሲለወጥ ጥገና ቤቱ ታጠፈ። ጋሽ ተሰማ ላባ የሚይዙባትን የቆርቆሮ ዕቃ ሰጡኝና ወደ አገራቸው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። እኔ በግል የአደን መሣሪያ በሚያድስ ሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠራሁ። ባለቤቴ ሲያርፍ፣ ያ ቤትም ሲዘጋ፣ ከሱዳን የሰላም ስምምነት በኋላ ጁባ ሥራ ሞልቷል ተባለና ተነሣሁ። እኅቴ «ሴት ልጅ፣ በዚህ ዕድሜ፣ ለጠመንጃ?» ብላ አለቀሰች። የነፍስ አባቴ እንኳ ሳይቸግራቸው አልቀረም። ያልተጠበቀ ሽጉጥ ከወገብ ሲወድቅ ተኩሶ ሕፃን ይገድላል፤ እኔ የምጠግነው ባለቤቱ ሳያዝዘው እንዳይተኩስ ነው አልኳቸው። «እንዲተኩስም ነው እንጂ» አሉኝ። ስድሳ ስግደት ሰጥተው አሰናበቱኝ።

ጁባ ስደርስ የሰጡኝ ኮንቴይነር ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሞርሳ፣ አንድ ካዝና። ካዝናውን ስከፍተው ግን ፈገግ አልኩ። ድርጅቱ ሥራውን ካቆመ ሌላ ድርጅት በጅምላ የገዛቸው አሥራ አራት ባለ ስድስት ጎራሾች ነበሩ፤ እንግሊዝ የሠራው አለ፣ ቤልጅግ የሠራው አለ፣ አሜሪካም የሠራው አለ። አንዳንዶቹ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ። ሰው ብረት ብረት ነው ይላል። ቁጥር አሥራ አንድን በእጁ የያዘ ሰው ግን እንደዚያ ለማለት ይከብደዋል። የውስጥ ብረቶቹን ፈትቼ ሳይ እያንዳንዷ ቁራጭ ላይ አንድ ዓይነት ትንሽ ቁጥር ተመትቷል። ሞረዱን የያዘው ሰው እነዚህን ቁራጮች ለዚህ ሽጉጥ ብቻ አስማምቷቸዋል፤ ወደ ሌላ ቢወስዷቸው አይገቡም። ቀለሙ የቁራ ክንፍ ጥቁር፣ ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። እጀታው ላይ ያለው ጥልፍልፍ በእጅ የተቆረጠ ነው፤ አንዱ መስመር ላይ ሠሪው እጁ ስቶ መልሶ ያስተካከላትን ቦታ በጥፍሬ አገኛት ነበር። ያን ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ ወደድኩት። መዶሻውን ስስበው ቀጭ የምትለው በጊዜዋ ነው፤ ጋሽ ተሰማ ቢሰሙት «ይኼስ ተራውን እንደማይስት ዲያቆን ነው» ይሉ ነበር።

ቁጥር አሥራ አንድን የሚታጠቀው ኦጁሉ ነው። በጋምቤላ በኩል ስደተኛ ሆኖ ያደገ፣ አማርኛ እንደኔ የሚናገር፣ ረጅም፣ ነገር የሚያበዛ ሰው ነበር። ሰኞ ሰኞ ዘበኞቹ መሣሪያቸውን ለፍተሻ ሲያመጡልኝ እሱ ሁልጊዜ መጨረሻ ይመጣል፤ ቁጭ ብሎ ለማውራት።

«እትዬ ዘውዴ፣ ሙሽራዬን አምጥቻታለሁ።»

«ሙሽራህ ቤትህ ናት። አርየት ብትሰማህ ታባርርሃለች።»

«አርየት ናት እኮ ስሙን ያወጣችላት። ከእኔ ይልቅ ወገብህን የምታቅፍ እሷ ናት ትለኛለች።»

እኔ ላባዬን ነክሬ ስቀባ ዝም ብሎ ያያል። አንድ ሰኞ፣ በበጋው መካከል፣ ዝም አላለም።

«ያ ማማ» አለኝ፤ ሊለምነኝ ሲፈልግ የጁባውን አጠራር ያመጣል። «ዘይቱን ቀንሺው። እዚህ አዲስ አበባ አይደለም። የመጋዘኑ በር ላይ ስቆም ከጉዴሌ መንገድ የሚነሣው አቧራ ሁሉ ወደሷ ነው የሚሄደው። ማታ ስፈትሻት ውስጧ እንደ ሹሮ ወፍሯል።»

«ማን ፍታት አለህ? አትፍታት ብዬህ የለም?»

«ካልፈታኋት እንዴት አያለሁ? ወታደሮቹ እዚህ ጥርግ አድርገው ደረቅ ነው የሚይዙት። አንቺም ጥረጊውና ደረቅ አድርገሽ ስጪኝ።»

«ኦጁሉ፣ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ከማን እንደተማርኩ ብታውቅ እንዲህ አትለኝም።»

«አስተማሪሽ ጁባ ያውቃሉ?»

ሳቅኩበት። እውነቱን ለመናገር ተቆጥቼ ነው የሳቅኩት። ጋሽ ተሰማን የነካ መሰለኝ። ላባውን እንደገና ነክሬ፣ እያየ፣ ከወትሮው አብልጬ ቀባሁለት። ካርዱ ላይ «ተፈትሿል፣ ደኅና ነው» ብዬ ፈረምኩ። ሽጉጡን አፎቱ ውስጥ እየከተተ «ማፊ ሙሽኪላ፤ አንቺ ካልሽ ይሁን» አለኝ። ችግር የለም ማለቱ ነው።

ነገሩ የሆነው ከዚያ ሰኞ በኋላ በመጣው ዓርብ ነው።

በጉዴሌ መንገድ ካለው መጋዘን በር ላይ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም፣ ሁለት ሰዎች መጡ። ከአገራችን የመጣ የጭነት መኪና ሲሚንቶ ያራግፍ ነበር። በሩ አጠገብ የመጋዘኑ ላንድክሩዘር ቆሟል። ሰዎቹ የፈለጉት ላንድክሩዘሩን ነው። ሾፌሩ ሮጦ ከሲሚንቶው ኋላ ተደበቀ። ኦጁሉ ከበሩ አልሸሸም። ተኩሰው ጣሉት፤ መኪናውን ይዘው ሄዱ። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

እኔ ያን ዕለት በካቶር ሰፈር ለጸሎት በምንሰበሰብበት አዳራሽ ነበርኩ፤ ጾሙ ገብቶ ነበር። ስልክ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ሽጉጡስ?» ብዬ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ከሰውየው በፊት ሽጉጡን ጠየቅኩ።

በማግሥቱ ጠዋት የሻለቃ ሾፌር ቁጥር አሥራ አንድን በላስቲክ ከረጢት አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። «ሻለቃ እስኪመጡ ያዢው» ብሎ ሄደ። አቧራ ለብሷል፤ እጀታው ላይ ደም አለ።

አሁን የምጽፈው የማይቀለኝን ነው።

ከበሮውን ከፈትኩ። ስድስት ጥይት አለ። አወጣኋቸው። በየጥይቱ ቂጥ ላይ ባሩዱን የምትለኩስ ትንሽ ክብ መዳብ አለች፤ የመዶሻው መርፌ እሷን ሲመታ ጥልቅ ጠባሳ ይተዋል፣ ጥይቱም ይተኮሳል። ሦስቱ ጥይቶች ላይ ምንም የለም። በሦስቱ ላይ ግን ጠባሳ አለ። ቀጭን፣ ጥልቀት የሌለው፣ ጥፍር የቧጨረው የሚመስል ጠባሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

መዶሻውን ሳብኩት። አልተነፈሰም። እንደ ደከመ ሽማግሌ እየተንፏቀቀ ሄደ። ጎኑን ፈትቼ ሳይ፣ ዘይቴና የጉዴሌ አቧራ ተለውሰው፣ በበጋው ሙቀት ደርቀው፣ ሞላውን ጨብጠው ይዘውታል። መዶሻው ወድቋል፤ ግን ተጎትቶ ነው የወደቀው። ኦጁሉ ሦስት ጊዜ ምላጭ ስቧል። ሦስት ጊዜ መቷል። ሽጉጡ እምቢ ብሎታል። እምቢ ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ያየሁት እጄ እየሠራ ሳለ ነው። ከሦስቱ የከሸፉ ጥይቶች የመጀመሪያውን ሳየው እጄ ከኮንቴይነሩ ኋላ ወዳለው ጥልቅ ጉድጓድ ወስዶ ጣለው፤ ሠላሳ ዓመት እንዲያ ነው የሠራሁት፤ የከሸፈ ጥይት አያድርም። ተመልሼ ሁለተኛውን ስይዝ ግን ገባኝ። እነዚህ ጥይቶች ምስክሮች ናቸው። ይኸው ዛሬ በክርስቶስ ፊት እጽፈዋለሁ፤ ገብቶኝ ሳለ ሁለተኛውንም ጣልኩት። ሦስተኛውንም ጣልኩት። ልማዴ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ቁጥር አሥራ አንድን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ደሙን አነሣሁ፣ ለውሱን በእንጨት ስንጥር ፍቄ አወጣሁ። የቆሸሸ መሣሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አይደርማ! ሻለቃ እኩለ ቀን ላይ ከአንድ መርማሪ ጋር ሲመጡ ሽጉጡ እንደ ቁራ ክንፍ ያበራ ነበር።

«አጸዳሽው?» አሉ ሻለቃ።

«ልማዴ ነው» አልኩ።

መርማሪው የቀድሞዎቹን ጥይቶች ሳይጠይቅ ስድስት አዲስ ጥይት አጉርሶ በአሸዋ በተሞላ በርሜል ላይ ተኮሰ። ስድስቱም ተተኮሱ።

«ሽጉጡ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው» አለ መርማሪው።

ሻለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ሽጉጡ አልከዳም፤ የከዳው ሰውየው ነው።» ወደ እኔ ዞረው «ከአንቺ በኩል ምንም እንከን የለም፣ እትዬ ዘውዴ። እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ሪፖርቱ ላይ «ዘበኛው መሣሪያውን አልተጠቀመም» ተብሎ ተጻፈ። የፍተሻ ካርዴ ከሪፖርቱ ጋር ተያያዘ። ከሥሩም ፈረምኩ።

ለሥራዬ የተመሰገንኩት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ጋሽ ተሰማ እጄን አይተው፤ ሁለተኛው በዚያን ቀን።

በሚቀጥለው ሰኞ ላባዬን ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩ። አሥራ ሦስቱን ሽጉጦች ጥርግ አድርጌ ደረቅ ሰጠሁ። አንድም አልከሸፈም። ኦጁሉ የነገረኝ ትክክል ነበር፤ ምክሩም የጠቀመው ሌሎቹን ነው። እነሱም ምክሩ የማን እንደሆነ ሳያውቁ በፊቴ ይቀልዱ ነበር። አንዱ ሌላውን ሲሰድበው «እንደ ኦጁሉ በሩ ላይ ደርቀህ እንዳትቀር!» ይለዋል። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብዬ እጠርጋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ «ተው» አልኩ። «ምነው፣ ዘመድሽ ነው?» አለኝ። ቀጣዩን ሽጉጥ አነሣሁ።

ዝም ያልኩት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው። ፈቃዴ እንዳይሰረዝ፣ ሥራዬን እንዳላጣ፣ እኅቴ የምትጠብቀው እኔን ነው እያልኩ። እዚህ ላሉት አባት ንስሐ ስገባ ቀኖናውን ሰጡኝና ሳይጨርሱ ቆም አሉ። «ለእኔ የነገርሽኝ ለእግዚአብሔር ነው። የሰውየውን ስም ግን እኔ ዘንድ አላስቀመጥሽውም። ወደ ወሰድሽበት ቤት መልሺው» አሉኝ።

አርየት የምትኖረው ጁባ ና ባሪ በሚባለው ሰፈር ነው። ሄድኩ። ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። የላስቲክ ወንበር ሰጥታኝ እሷ ቆመች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ላባውን፣ አቧራውን፣ ሦስቱን ጥይት። እጆቿ ላይ ያለው ልብስ ይንጠባጠብ ነበር።

«በሩ ላይ ነበርሽ?» አለችኝ።

«አልነበርኩም።»

«ጥይቶቹስ የት አሉ?»

«ጣልኳቸው።»

«ሽጉጡስ?»

«አጠብኩት።»

ልብሱን ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ ፊቴ ተቀመጠች። «እትዬ ዘውዴ፣ ወንድሞቹ ለቅሶ ላይ የሞቱትን ሲጠሩ፣ መሣሪያውን ሳያነሣ ሞተ ብለው የሱን ስም ይዘሉታል። አባቱን ይጠሩና፣ አጎቱን ይጠሩና፣ እሱ ጋ ሲደርሱ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እኔ እዚያው ተቀምጬ። ስንት ለቅሶ እንደተቀመጥኩ ታውቂያለሽ? አሁን መጥተሽ ምላጩን ስቧል ትይኛለሽ። ማን ያምነኛል? ያቺ ሐበሻ አዝና ነው፣ ለነፍሷ ብላ ነው ይሉኛል። እኔም ራሴ... እኔም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።»

«እውነት ነው አርየት። በልጅሽ...»

«በልጄ አትማይብኝ። በሩ ላይ የነበረ ሰው አምጪልኝ። የሰማ። ያየ። እሱን ይዤ ወንድሞቹ ፊት እቆማለሁ። አንቺን ይዤ አልቆምም።»

ተነሥቼ ስወጣ አልሸኘችኝም። ልክ ናት።

ከዚያ ሻለቃ ዘንድ ሄድኩ። ሰምተው ሲያበቁ በሩን ዘጉ። «ማስረጃ አለሽ?» አሉኝ። የለኝም። «መርማሪው በዐይኑ አይቷል፤ ስድስት ተኩሷል። አሁን ይህን ብጽፍ ድርጅቱም አንቺም ምን እንደምንሆን ታውቂያለሽ? ኻላስ፣ እትዬ። ያለቀ ነገር ነው» አሉኝ። ቁጥር አሥራ አንድን ግን ከዚያ በኋላ ለማንም አላስታጠቁም። ካዝናው ውስጥ ብቻውን ቀረ። ሰኞ ሰኞ አወጣውና ጆሮዬ ላይ አድርጌ መዶሻውን እስበዋለሁ። ቀጭ። በጊዜዋ ናት። እንደ ዲያቆን።

ሐሙስ ዕለት ብየዳ ቤቱ ሄድኩ። ማንም ነይ አላለኝም። ጥቁር መነጽር ያደረገው በያጅ አንድ በአንድ እያነሣ ከከበሮው ላይ ይቆርጣል። አሥራ አንድ ተራው ሲደርስ «ቆይ» አልኩት። ከፈትኩት፣ ስድስቱን ጉድጓድ በዐይኔ አየሁ፣ በትንሿ ጣቴ ዳሰስኩ፣ መለስኩለት። «ባዶ መሆኑን እኮ አይቻለሁ፣ ማማ» አለኝ። እጀታው ላይ ያለውን፣ ሠሪው ስቶ ያስተካከላትን መስመር በጥፍሬ ነካኋት። ከዚያ እሳቱ መጣ። ለሁለት ሲከፈል የወጣው ድምፅ የምላጭም የመዶሻም አይደለም፤ ተራ ብረት መሬት ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሻለቃ እንዳሉት፣ ብረት።

ስለዚህ ከእንግዲህ የሚመሰክር ዕቃ የለም። ጥይቶቹ በጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ ጉድጓዱም ተደፍኗል። ሽጉጡ ተቆርጧል። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።

በዚያን ዓርብ በጉዴሌ መንገድ፣ በኒም ዛፉ ጥላ ሥር ሻይ ትሸጪ የነበርሽ እኅቴ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ጁባን ለቀሽ አገር ቤት እንደገባሽ ሰምቻለሁ። ሲሚንቶ ያራገፍክ የጭነት መኪና ሾፌር ወንድሜ፤ ፖሊስ እንዳይጠይቅህ በማግሥቱ እንደተሻገርክ አውቃለሁ፤ አልፈርድብህም፤ ከአንተ የባስኩ እኔ ነኝ። ሲሚንቶውን በትከሻችሁ የተሸከማችሁ ሁለት የቀን ሠራተኞች። ሰው የምታመላልስበትን ቦዳ ሞተር ጥለህ ቦይ ውስጥ የገባኸው ሰው። የላንድክሩዘሩ ሾፌር ከሲሚንቶው ኋላ ስለነበር፣ ጀነሬተሩም ስለሚጮህ ምንም አልሰማሁም ብሏል። እናንተ ግን ደጅ ነበራችሁ።

የሌቦቹን ተኩስ ሁሉም ሰምቶታል። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላውን ድምፅ ነው። ከተኩሱ በፊት፣ ወይም በመካከሉ፣ ከኦጁሉ እጅ የወጣ ደረቅ፣ ትንሽ ድምፅ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ወይም እጁ ሲዘረጋ አይታችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ለአርየት ንገሯት። ጁባ ና ባሪ ገብታችሁ የኦጁሉን ሚስት ብትሉ ያሳዩዋችኋል። ራቅ ያላችሁም በሰው ላኩባት። እኔን አትፈልጉኝ፤ ስሜንም አታንሡ። የሰማችሁትን ብቻ ንገሯት፤ እኔን ለማሳረፍ ብላችሁ አንዲት ቃል እንዳትጨምሩ።

ሦስት ነበሩ፤ እኔ ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዱን ብቻ የሰማችሁ አንዱን ንገሯት። ለቅሶ ላይ ስሙን ለመጥራት አንዱ ይበቃል።